በጥበቃ ኮሚቴ የተጠበቀች ልጅ

ወይዘሮ ካሣነሽን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ ሚስት ፈላጊ ይረባረብባት ጀመር። የመጀመሪያው ማክሰኞ ጧት የትምህርት ቤቱን ቢሮ እየጠረገች ሳለ ደወለ።

«ሄሎ የኔ ቆንጆ!»

«ማን ልበል?»

«ገና አንተዋወቅም። ግን ፎቶሽን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ካሣነሽ ፎቶ ከተነሣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱም ለቀበሌ መታወቂያ ነበር። ያንን አይቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢኖር በድንጋጤ እንጂ በፍቅር አይሆንም። «ቆንጆስ እናትህ!» ብላ ዘጋችበት። እስከ ምሳ ድረስ ሰባት ሰው ደወለ። አንዱ ከደብረ ታቦር ነው፤ ነጋዴ ነኝ አለ። አንዱ የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ነው፤ «ድምፅሽ ትንሽ ወፍራም ነው፣ ቢሆንም ግድ የለኝም» ብሎ አጽናናት። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው ያላትን ደግሞ «በጾም አታፍርም?» ብትለው፣ «ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ እናደርገዋለን» ሲል መለሰላት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሥርዓቱን ያውቃል።

ቅዳሜ ገበያ የምትባለው ከተማ፣ ከተማ ከተባለች፣ ከአርብ ገበያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አሥራ አራት ጠላ ቤት አላት። ካሣነሽ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የወንድሟን የአያሌውን ልጅ ፍቅርተን ከገጠር አምጥታ እቤቷ አስቀምጣ ታስተምራለች። ፍቅርተ ዐሥረኛ ክፍል ናት፣ በግንቦት ብሔራዊ ፈተና ትቀመጣለች። አያሌው ልጁን ሲሰጣት፣ «ጎበዝ ናት ስላሉኝ ነው እንጂ የሚጠይቃትስ ሞልቷል» ብሎ ነው የሰጣት።

ፍቅርተ የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ አለቀሰች። የጓደኛዋን ስልክ ተውሳ ይዛ መጥታ ነበርና ለአክስቷ አሳየቻት። ፌስቡክ ላይ «ፍቅርተ የጋይንት አበባ» በሚል ስም የሷ ፎቶ ወጥቷል። ከሥሩ «ባል እፈልጋለሁ። ከልቡ የሆነ ብቻ ይደውል» ይላል። ቀጥሎ የተጻፈው ስልክ ቁጥር የካሣነሽ ነው። ለፈተና ሲመዘገቡ የቤተሰብ ስልክ ስጡ ቢባሉ ልጅቱ ያስመዘገበችው እሱን ነበር።

ካሣነሽ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። ከልጅቱ ጀርባ የተሰቀለው ሰማያዊ አንሶላ የገዛ ራሷ ነው፤ ጥጉ ላይ የጣፈችው ቁራጭ ሳይቀር ይታያል። ለምዝገባው ተማሪዎቹን በስልኩ ፎቶ ያነሣው የኮምፒውተር መምህሩ አስማረ «ለጀርባ የሚሆን ጨርቅ» ብሎ ተውሷት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰላትም።

«ይቺን ያነሣሽ አስማረ አይደለም እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ። ዛሬ 'ቲቸር ያጥፉልኝ' ብዬ ሄጄ ነበር።»

«እሺስ?»

«'አጠፋልሻለሁ፤ ቅዳሜ ተማሪ ሲወጣ ብቻሽን ኮምፒውተር ክፍል ነይ' አሉኝ። ባለፈው ሳምንትም ብቻሽን ነይ ብለውኝ ሳልሄድ ቀርቼ ነበር። ፎቶው የወጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ካሣነሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገችም፤ ያልተማረች ስለሆነች ሌላውም ሰው የሚፈልግ አልመሰላትም።

ርእሰ መምህር ይበልጣል ግን የተማረ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ከልጆቹ ፎቶ አጠገብ የሚያስቀምጠው አንድ ፋይል አለ፤ በላዩ ላይ «የሕፃናትና ወጣቶች ጥበቃ ኮሚቴ» የሚል ተጽፎበታል። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ደብዳቤ በደረሰው በማግሥቱ ያቋቋመው እሱ ነው። በየወሩ ለበላይ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ሁልጊዜ «የደረሰ ጥቃት፦ ዜሮ» ይላል። በዚህ ዜሮ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል። ዜሮው የመጣበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው። አቤት የሚል ተማሪ አቤቱታውን በጽሑፍ አድርጎ ለኮሚቴው ጸሐፊ መስጠት አለበት። ጸሐፊው ኮምፒውተር የሚችል ይሁን ስለተባለ መምህር አስማረ ሆኗል።

«አንቺ ካሣነሽ» አላት ይበልጣል። በዕድሜ እናቱ ትሆናለች፣ ነገር ግን መጥረጊያ የያዘ ሰው አንቱ አይባልም። «አስማረ የኮሚቴው ጸሐፊ መሆኑን ዘነጋሽው?»

«ኧረ አልዘነጋሁም፤ ለዚያ እኮ ነው ለእርስዎ የምነግርዎ።»

«ጸሐፊን መክሰስም ሥርዓት አለው። በጽሑፍ አድርገሽ ለጸሐፊው አስገቢ።»

«ለራሱ?»

«ለጽሕፈት ቤቱ! ሰውና ቢሮ ይለያያል።»

ካሣነሽ ቢሮውን በየቀኑ ትጠርገዋለች፤ ከአስማረ በቀር ጽሕፈት ቤት የሚባል ሌላ ሰው ተቀምጦበት አይታ አታውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ፣ በልቧ ነው እንጂ በአፏ አይደለም፣ ወጣች።

ያም ሆኖ ፎቶው መውጣቱን ከተማው ስለሰማ ኮሚቴው ረቡዕ ተሰበሰበ፤ ሻይ ያቀረበችው ካሣነሽ ናት። ሦስተኛው አባል የወላጆች ተወካይ ቄስ ፊልጶስ ናቸው። ቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት ገብተው ዜማ የተማሩ አዋቂ ሰው ሲሆኑ አሁን ግን ጆሯቸው ከብዷል፤ ምንም ነገር ቢባል «እግዚአብሔር ያቅናው» ይላሉ። አብዝቶ የተናገረው አስማረ ነው። ፌስቡክ ትውልዱን እየበላው እንደሆነ፣ የሴቶች እኅቶቻችን ክብር እንደተነካ ሲያስረዳ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ይበልጣል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ካሣነሽ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አናቱ ላይ ብትደፋበት በወደደች፤ ነገር ግን ማንቆርቆሪያው የመንግሥት ንብረት ነው።

ከሦስት ሰዓት ውይይት በኋላ ሁለት ውሳኔ ተወሰነ። አንደኛው፣ ሴት ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ወንዶቹ ለጥናት ስለሚጠቀሙበት ታለፉ። ሁለተኛው፣ ለተማሪው ግንዛቤ ይሰጥ ተባለ። ለግንዛቤውም ያ ፎቶ ከነጽሑፉ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በትልቁ ታትሞ በላዩ በቀይ «ከእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት እንቆጠብ!» ተብሎ ተጻፈበትና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። አንድ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ ጤና ኬላው ላይ፣ አንድም የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ዋለ።

እስከዚያ ቀን ፎቶውን ያየው ስልክ ያለው ብቻ ነበር። ስልክ ያለውም ቢሆን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ወጥቶ የኢንተርኔት ኔትወርክ መለመን ነበረበት። አሁን ኮሚቴው ምስጋና ይግባውና ጉብታ መውጣት ቀረ። ማንበብ የማይችለውም እያስነበበ ሰማ። ከባሕር ዳር ይደውሉ የነበሩት ሳያንሱ አሁን ወፍጮ ለማስፈጨት የመጣው ሁሉ ይደውል ጀመር። ካሣነሽ የሰሌዳውን ልትገነጥል ስትል «የኮሚቴ ንብረት ነው» ብለው ከለከሏት።

ቅዳሜ አያሌው አህያውን ገብስና ሽሮ ጭኖ ለልጁ ስንቅ ይዞ መጣ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰው ሲሰበሰብ አይቶ ጠጋ ቢል የልጁ ፊት ግድግዳ ላይ ሆኖ ያየዋል። ፊደል አልቆጠረም። አጠገቡ ያለውን አንድ ሕፃን «ምን ይላል፣ ልጄ?» አለው። ሕፃኑ ንባብ የለመደ ሰሞን ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት።

«እታለም» አለ አያሌው የካሣነሽን ደጃፍ እንደረገጠ፣ «ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ባል ከሆነ የፈለገችው እኔስ መቼ አጣሁላት?»

«እሷ መች ጻፈችው፣ አንተ! ሰው ነው የጻፈባት።»

«ማነው ሰውየው?»

ካሣነሽ ስሙን ብትነግረው ሽመሉን ይዞ በቀጥታ እንደሚሄድ ታውቃለች። ከዚያ እሱ እስር ቤት፣ ልጅቱም ባል ቤት መግባታቸው ነው።

«በሕዝብ ፊት ይውጣ ብዬ ነው» አለችው።

«እንግዲያው እስከሚመጣው ቅዳሜ ይውጣ። ካልወጣ ስሟ እንደጎደፈ ይቀራል፤ ለዳግም ትንሣኤ እድራታለሁ። እኛ አገር ክምር ሲቃጠል አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ይሄ ሁሉ ፊደል የቆጠረ ሰው ምን ይዞት ነው?»

ፍቅርተ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። የሒሳብ መጽሐፏን እንደገለጠች ቀረች፤ ገጹን አላዞረችውም።

አያሌው የአውጫጭኙን ነገር ለቄስ ፊልጶስ በደህናው ጆሯቸው ነገራቸው፤ እሳቸውም ለይበልጣል። የይበልጣል ፊት በራ። «ባህላዊ የችግር አፈታት» የሚል ርእስ ሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደሚያምር ታየው። ሐሙስ ይሁን አለ።

አውጫጭኝ ማለት የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ሳይበተን ይውላል። አንድ በአንድ እየማለ የሚያውቀውን ለዳኛው ጆሮ ሹክ ይላል። ሹክ ባዩ «ወፍ» ይባላል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ይበልጣል ይህንን አሻሻለው። ሜዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ ቀይ ጨርቅ አለበሰው፤ የስም መቆጣጠሪያ አዘጋጀ። «የቄሱ ጆሮ ስለደከመ፣ እሳቸው ያስምሉ፣ ቃሉን ጸሐፊው ይቀበል» ብሎም አዘዘ።

ስድስት መቶ ተማሪ የቄስ ፊልጶስን መስቀል እየተሳለመ ማለና ወደ አስማረ ጆሮ ጎንበስ አለ። አስማረም ስድስት መቶ ጊዜ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ጻፈ። አንዳንዶቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ይጽፍላቸዋል። የፍቅርተ ተራ ሲደርስ ፈገግ አለላትና «ቀጣይ» አለ።

ካሣነሽ ጀሪካን ተሸክማ ለተማሪው ውሃ ታድላለች። ጅብ እረኛ ሆኖ በግ ሲቆጥር እያየች ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ይበልጣል ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «በተካሄደው ሰፊና አሳታፊ አውጫጭኝ የተገኘ ጥፋተኛ፦ ዜሮ!» ሲል መምህራኑ አጨበጨቡ።

ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ካሣነሽ ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣለችውና ቄስ ፊልጶስ ዘንድ ሄዳ በደህናው ጆሯቸው ጮኸች።

«አባቴ! በአውጫጭኝ የማይምል ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ድሮስ ጭቃ ሹሙም ይምል ነበር።»

«እነዚህ መምህራን አልማሉም። ጸሐፊውም አልማለም። ጆሮ ተደርጎ የተቀመጠው ሰው፣ እሱ ራሱ ለማን ሹክ ሊል ነው?»

«ወይዘሮ ካሣነሽ! መምህራን በዚህ አይካተቱም» አለ ይበልጣል፤ «እኛ ጠባቂዎች ነን።»

ቄስ ፊልጶስ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ፀሐዩም አናታቸውን በልቶታል። አሁን ግን አንድ ነገር እንደተደረገባቸው ገባቸው፤ ተቆጡ።

«ያልማለ ጆሮ ምንም አልሰማም! ሁሉ ይመለስ። ለኔ ይንገረኝ። መምህራኑም ከተማሪው ጋር ይሰለፉ። አንተ ባለ ብዕሩ፣ ተነሥ ከዚህ!»

አስማረ ብዕሩን እንደያዘ ከሰልፉ ገባ። ፊተኛዋ መቅደስ የምትባል ዘጠነኛ ክፍል ያለች ቀጭን ልጅ ነበረች። በእግሯ ጣት ቆማ ሹክ አለቻቸው።

«ኧ?» አሉ ቄሱ።

ደገመችላቸው።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ። ጮክ በይ፣ አትፍሪ።»

መቅደስ ወደ ኋላዋ አየች፣ መስቀሉን አየች፣ ከዚያም ዓይኗን ጨፍና ሜዳው እስኪያስተጋባ ጮኸች፦ «ቲቸር አስማረ! ኮምፒውተር ክፍል ብቻሽን ነይ፣ እንቢ ካልሽ ፎቶሽን አወጣዋለሁ አሉኝ!»

ሁለተኛዋ ጮክ በይ እስክትባል አልጠበቀችም። ሦስተኛዋ እያለቀሰች ጮኸች። አራተኛዋ ፍቅርተ ነበረች፤ አላለቀሰችም። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሴት ልጆች፣ አንድ ቃል ተናገሩ። ይበልጣል ሰዓቱን አየና «ለምሳ ተበትነናል» አለ። ለምሳ ማንም አልሄደም፤ እሱ ብቻ ሄደ።

ካሣነሽ የዚያን ዕለት እግዚአብሔርን አመስግና እንባዋን አፈሰሰች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነው።

ዐርብ ይበልጣል መምህራኑን ዘግቶ ሰበሰበ። ካሣነሽ ሻይ ስታቀርብ ስለ አሥራ አንዱ ልጆች አንድም ሰው ሲያነሣ አልሰማችም። የተነሣው የትምህርት ቤቱ ስም ነው። «ከነገሩ ጦም እደሩ» አለ አንዱ። «ዝም አይነቅዝም» አለ ሌላው። ከሰዓት በኋላ አስማረ «በራሱ ጥያቄ» ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ወደ ስማዳ የተዛወረበት ደብዳቤ ወጣለት። ባልደረቦቹ ጋቢ አለበሱት። በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ የካሣነሽንም አንሶላ ይዞት ሄደ። ካሣነሽ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች፤ ተረኛው ፖሊስ «ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አምጪ» አላት። ይበልጣል ደብዳቤውን አልጽፍም አለ።

ቅዳሜ አያሌው በቀጠሮው መጣ። ይበልጣል ሦስቱንም፣ እሱን፣ ካሣነሽንና ፍቅርተን፣ ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሰጣቸው። ከፊቱ «ጉዳዩ በእርቅ ተቋጭቷል» የሚል ወረቀት አለ። አያሌውን አንቱ አለው፤ ፊርማ የሚፈለግበት ሰው አንቱ ይባላል።

«እዚህች ላይ ጣትዎን ያሳርፉልን፣ ጋሽ አያሌው። ሰውየው ታውቋል፣ ተወግዷል፣ ነገሩም ተዘግቷል።»

«የት ሄደ?»

«ስማዳ።»

«እስር ቤት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ሴት ልጆች አሉበት?»

«ትምህርት ቤት እኮ ነው፣ ጋሽ አያሌው» አለ ይበልጣል ግራ ተጋብቶ።

አያሌው የቀረበለትን ቀለም ከፊቱ ገፋ። ከዚያም ተነሣ። «ፍቅርተ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። እዚህ የሚጠብቅሽ ሰው የለም።»

ፍቅርተ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ቆይ አባዬ። እሱ አሥራ አንዳችንን ሲያስፈራራ ኖሮ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ጋቢ ለብሶ ተዛወረ። እኔ እንቢ ስላልሁ ትምህርቴን ትቼ ባል ላግባ? ታዲያ የተቀጣው ማነው?»

አያሌው ልጁን አያት፤ እንዲህ አድርጋ ተናግራው አታውቅም። ወደ ይበልጣል ዞረ።

«እኔ አምና አንድ በሬ ሸጫለሁ። ተዋጊ ነበር። ዋጋው እንደሚወርድብኝ እያወቅሁ ለገዢው 'ይወጋል' ብዬ ነግሬ ነው የሸጥሁለት። ሳልነግረው ብሸጥለትና የሰውየውን ልጅ ቢወጋበት፣ ወጊው እኔ ነኝ። እናንተ ለስማዳ ሰው ምን ብላችሁ ሰጣችሁት?»

«የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ጽፈንለታል» አለ ይበልጣል። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያለውን የሰማው።

«ጻፊ፣ ልጄ» አለ አያሌው።

ፍቅርተ ከደብተሯ መሐል ወረቀት ቀደደች፣ እዚያው የይበልጣል ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ሁሉንም ጻፈች። ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ስላለ ሌሎቹ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ወጥታ አሥሩንም አስፈርማ ተመለሰች። ካሣነሽ ለእርቁ የተዘጋጀውን ቀለም ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን ነክራ በእርቁ ወረቀት ላይ ሳይሆን ፍቅርተ በጻፈችው ላይ አሳረፈችው።

«ልፋት ነው» አለ ይበልጣል፣ እጁን መሳቢያው ላይ ጭኖ። «ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘው ቢሄዱ ስማዳ ማንም አይሰማዎትም። ማኅተሙ ደግሞ እዚህ ነው ያለው።»

አያሌው ወረቀቱን አጥፎ በደረቱ ከተተው።

«በሬው ይወጋል ለማለት ማኅተም አያስፈልግም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ስማዳ እነሣለሁ። የዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ለሚገባውም ለሚወጣውም ወላጅ እናገራለሁ፤ አልሰማም የሚል ካለ ለቄሱ ጮኻ እንደደገመችላቸው ልጅ እደግምለታለሁ።» ከዚያም ፍቅርተን ቆጣ ብሎ አያት። «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ትምህርት ጀምሯል አይደል?»

ፍቅርተ ደብተሯን አንሥታ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ሒሳብ ነበር፤ ግማሹ አልፏታል።